ሴባስቶፖል በዋድላ፣ በደላንታና በመቅደላ፤ የአጼ ቴዎድሮስ ሕይወት ከጭነታቸው ጋር

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአማራ ሳይንት በኩል ወደ ተንታ የሚያቀና መንገደኛ የደጋውን ሜዳ ሲያይ ጉዞው የቀለለለት ይመስለዋል። የገብሱና የስንዴው ማሳ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ተንጣሎ ይታያል። ጥቂት እንደ ሄደ ግን መሬቱ በድንገት ይሰነጠቃል፤ ከእግሩ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ደጋ ይገጥመዋል። ማዶ ለማዶ ሆነው የሚጠራሩ ሰዎች ድምፃቸው ይሰማማል፤ ተነሥተው እንገናኝ ቢሉ ግን ቀኑ ይመሽባቸዋል። በሽሎ ከነገባሮቹ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ዓባይ ራሱ፣ የምዕራብ ደቡብ ወሎን ከፍታዎች እንዲህ አድርገው ከፋፍለዋቸዋል።

በዚህ አገር ጭነት ይዞ የሚጓዝ ሁሉ ከተመሳሳይ ጥያቄ አያመልጥም። ጥንት አሞሌ የጫነ ነጋዴም ሆነ፣ በዚህ ዘመን የሰርከስና የምትሃት ትርዒት ለማሳየት ሳጥኑን፣ መስታወቱን፣ መጋረጃውንና መብራቱን ይዞ ወደ ደጋ ከተሞች የሚወጣ ቡድን፣ በመድረክ ላይ ከሚያሳየው ነገር አስቀድሞ ዕቃውን ሳይሰበር ማድረስ አለበት። ዕቃው ምን ያህል ይመዝናል? ይፈታል ወይስ አይፈታም? በቁልቁለቱ ላይ ማን ወደ ኋላ ይይዘዋል? ዝናብ ሳይጀምር ይደርሳል? በእነዚህ ጥያቄዎች ከማንም በላይ የተፈተኑት ሰው ግን ነጋዴም ምትሃተኛም አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ጭነታቸውም ሴባስቶፖል የሚባል፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ ነበር።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ገና በልጅነቱ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በጎንደር በችግር እንደ ኖሩና ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን እንዳሳደጉ ይነገራል፤ ይህንንም ጠላቶቹ ኋላ መሳለቂያ አድርገውታል። ፊደል የቆጠረው በገዳም ነው። የተማረበት የጨንቀር ተክለ ሃይማኖት ገዳም በመሣፍንቱ ጠብ በጠፋ ጊዜ ከሞት ካመለጡት ጥቂት ልጆች አንዱ እርሱ እንደ ነበር ይተረካል። የጦር ሙያን የተማረው በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ነው። ደጃዝማቹ ከሞቱ በኋላ የሚገባውን ርስት ሲነፈግ ወደ ቋራ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። በዚያ ዘመን ሽፍታ ሆኖ ያገኘውን ለገበሬ እያካፈለ የእርሻ ዕቃ እንዲገዛበት ያደርግ እንደ ነበር የአገሬው ትውፊት ያስታውሳል። ዝናው እየገነነ ሲሄድ ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን በመዳር ሊያስገብሩት ሞከሩ። ጋብቻው ፍቅር ሆነ፤ ለማስገበሩ ግን አልጠቀመም።

በዚህ ወጣት ሕይወት ውስጥ ኋላ የመጣውን ሁሉ የወሰነ አንድ ቀን አለ ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1840 ዓ.ም በመጋቢት ወር ካሣ ሠራዊቱን ይዞ በምዕራብ ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ተጋጠመ። ግብፆቹ ምሽግ ነበራቸው፤ መድፍ ነበራቸው፤ በሥርዓት የሠለጠነ ተኳሽ ነበራቸው። የካሣ ወታደሮች ጀግንነት አልጎደላቸውም። ነገር ግን ፈረሰኛው ወደ ምሽጉ ሳይደርስ መድፉ አጨደው። ካሣ ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ መድፍ የሚለው ቃል ከአእምሮው አልወጣም። ብዙዎቹ የዘመኑ መሣፍንት የሚያልሙት ስለ ግዛትና ስለ ግብር ሲሆን፣ እርሱ ስለ ብረትና ስለ ነሐስ ማሰብ ጀመረ።

ድሉ ፈጥኖ መጣ። በ1845 ዓ.ም በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም በደረስጌ የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላም በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

አጼ ቴዎድሮስ ከዘውዱ በኋላ ዕረፍት አላወቁም። የመጀመሪያው ዘመቻቸው ወደ ወሎ ነበር። በ1848 ዓ.ም መስከረም መጀመሪያ መቅደላን ያዙ። ዙሪያው ገደል የሆነው፣ ጥቂት ሰው የሚጠብቀው አምባ ለግምጃ ቤትና ለእስር ቤት ተስማሚ ሆኖ አገኙት። ከዚያም ወደ ሸዋ ዘልቀው ሕፃኑን ምኒልክን ማርከው ወደዚሁ አምባ አመጧቸው። ወሎ ግን ልቡን አልሰጠም። ደጋግሞ አመፀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ደጋግመው ቀጡት። መንደር ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ የባላባት ልጆች በመያዣነት አምባው ላይ ታሰሩ። በ1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂቱ ዘንድ ሲደርሱ፣ ወይዘሮዋ አሳልፈው ወደ አገራቸው ሰደዷቸው። ዋጋው ከባድ ነበር፤ በአምባው ላይ ታስሮ የነበረው ልጃቸው ከሌሎች መያዣዎች ጋር ተገደለ። በዚህ አገር የቴዎድሮስ ስም ሲነሣ ኩራትና ኀዘን አብረው የሚነሡት ስለዚህ ነው። አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ መተረክ እውነቱን ማጉደል ይሆናል።

ንጉሠ ነገሥቱ በዘመናቸው መጀመሪያ ሠራዊቱ ከገበሬው እየቀማ እንዳይበላ ከልክለው ነበር። ወታደሩ ደመወዝ እንዲያገኝ፣ ገበሬው በሞፈሩ፣ ነጋዴው በገበያው እንዲውል ፈለጉ። ለዚህ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ገንዘቡን ከቤተ ክርስቲያን መሬት ለማግኘት ሲሞክሩ ከካህናቱ ጋር ተጋጩ፤ የካህናቱ ቅሬታም ወደ ሕዝቡ ወረደ። አመፁ ሲበዛ ሠራዊቱ ደመወዙን አጥቶ ተመልሶ ገበሬው ላይ ወደቀ። ታላቅ ሐሳብ ነበር፤ የሚሸከመው አቅም ግን አልተገኘም።

የመድፉም ነገር እንዲሁ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ሠፍረው ነበር። ከእነርሱ መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ከሌሎቹ የውጭ ባለሙያዎች ደግሞ ሞሪትዝ ሆል ስማቸው ይነሣል። አናጺነትና ብረት ሥራ ያውቁ እንደ ሆነ እንጂ መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የአናውቅምን መልስ አልተቀበሉም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ቴዎድሮስ እንደ ገና እንዲሞከር አዘዙ። እቶኑ ተሻሻለ፣ ቅርጹ ተደጋግሞ ተሠራ፣ የአገሬው ሠራተኛ ወናፍ ነፋ፣ ነሐስ ተሰበሰበ። በመጨረሻም እያደር የሚተልቁ መድፎች ከጋፋት ወጡ። የሁሉም አውራ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በከበባዋ በታወቀችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

ይህ ሁሉ የሆነው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት የእጅ ባለሙያ ለማግኘት ሲማፀኑ በቆዩበት ጊዜ ነው። በ1855 ዓ.ም ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ምላሽ ሳያገኝ ቀረ። ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም ቆንስሉን ካሜሩንን አሰሩ፤ ኋላም ሊያስፈታ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ራሱ ታሰረ። የእስረኞቹ ጉዳይ የአንድ ንጉሥን ቁጣ ወደ ሁለት መንግሥታት ጦርነት ለወጠው።

በነዚሁ ዓመታት ከባሕር ማዶ የተፈጸመ አንድ ነገር ለዚህ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ዣን ኢዠን ሮበር ኡደን የተባለውን ስመ ጥር ምትሃተኛ ወደ አልጄሪያ ላከው። ተልእኮው በሕዝቡ ዘንድ ተሰሚነት ያላቸውን የሃይማኖት መሪዎች በትርዒት ማሳነስ ነበር። ከመሣሪያዎቹ ዋነኛው አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። ምትሃተኛው ሲፈቅድ ሕፃን ያነሣታል፤ ሳይፈቅድ ጡንቻው የፈረጠመ ጎልማሳ እንኳ ከወለሉ አያላቅቃትም። ምሥጢሩ ከመድረኩ ሥር የተቀበረ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነው። ሳጥኗ በጉዞ ላይ ቀላል ናት፤ የምትከብደው በመድረክ ላይ፣ ተመልካች ፊት ብቻ ነው። ከከተማ ከተማ ዕቃ ይዞ የሚዞር ሰው ከዚህ የተሻለ ጭነት ሊመኝ አይችልም።

ሴባስቶፖል የዚህ ተቃራኒ ነበር። በደብረ ታቦርም ከባድ፣ በጅዳ ገደልም ከባድ፣ በመቅደላም ከባድ። እርሱም በአንድ በኩል ለዓይን የተሠራ ነው፤ ያየው ሁሉ እንዲፈራና እንዲገብር። ሆኖም የሚፈራው እንዲያየው መጀመሪያ መድረስ ነበረበት።

በ1860 ዓ.ም መስከረም መገባደጃ፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር፣ አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በዚያን ጊዜ ሥልጣናቸው ከሰፈራቸው ዙሪያ ብዙም አያልፍም ነበር። በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በሸዋ ምኒልክ፣ በትግራይ ካሣ ምርጫ ከእጃቸው ወጥተዋል። ከሠራዊቱ በየሌሊቱ የሚከዳው ብዙ ነበር። የቀራቸው አስተማማኝ ስፍራ መቅደላ ብቻ ሲሆን፣ መድፎቹን ትቶ ወደዚያ መሄድ ደግሞ ለእርሳቸው የማይታሰብ ነበር።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ርቀት በካርታ ላይ ቀጥ ተብሎ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ፈጣን በቅሎ በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በቀጥታው መስመር ሲሰላ በአማካይ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም።

የጉዞው አሠራር ይህን ይመስል ነበር። መድፎቹ በጋፋት በተሠሩ ጋሪዎች ላይ ተጫኑ። ነገር ግን በዚያ አገር ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ከቶ አልነበረም፤ የነበረው የበቅሎና የእግረኛ ዱካ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መንገድ ጠራጊው ይወጣል። ድንጋዩ ይፈነቀላል፣ ዛፉ ይቆረጣል፣ ጎርበጥባጣው ይሞላል፣ የገደሉ ወገብ እየተቆፈረ ጠመዝማዛ መውረጃ ይበጅለታል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሩቅ ሆነው የሚያዝዙ አልነበሩም። ከፊት ሄደው መንገዱን ያያሉ፤ በእጃቸው ድንጋይ ያነሣሉ፤ ጌታው ሲሸከም ያየ ሎሌ ደግሞ ቆሞ መመልከት አይችልም። መንገዱ ካለቀ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የጠፍር ገመድ ይዘው ሴባስቶፖልን ይጎትታሉ። አቀበት ሲሆን ከፊት ይስባሉ። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ከኋላ ይዘው እየገቱ ቀስ በቀስ ያወርዱታል። ጭነት የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው ከአቀበት ይልቅ ቁልቁለት የከፋ ነው። አቀበት ላይ ቢደክም ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ገመዱ የለቀቀ ሰው ዕቃውንም ከፊት ያለውንም ሰው ያጣል።

በጨጨሆ አልፈው ወደ ዋድላ ደጋ ወጡ። ከዚያ በኋላ ጉዞውን የሚፈትኑ ሁለት ታላላቅ ሸለቆዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ጅዳ ነው፤ ከዋድላ ጫፍ እስከ ወንዙ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደላንታ ይወጣል። ሁለተኛው በሽሎ ሲሆን በጥልቀት ከጅዳ አያንስም። በእያንዳንዳቸው መንገዱን ቆርጦ መድፉን አውርዶ ማውጣት ሳምንታት ወሰደ። ከሠራዊቱ ጋር ሴቶች፣ ሕፃናት፣ እስረኞችና አገልጋዮች አብረው ይጓዙ ነበርና ሰፈሩ በየሄደበት እንደ ከተማ ያህል እህል ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ፈጥነው የሚያልፉትን ነገር ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ያ ሰፈር የሚበላው ከየት ነበር? ከዋድላና ከደላንታ ገበሬ ጎተራ ነው። መድፍ በፈጥነት ቢጓዝ ኖሮ በአንድ ቀበሌ የሚያድረው አንድ ሌሊት ነበር። በዝግታ ሲሄድ ግን ከዘሩም ከመኸሩም ይበላል። አንድ መንደር ሲሟጠጥ ወደሚቀጥለው ይዘመታል፤ የተቃወመው ይቃጠላል፤ የሸሸው ከብቱን ይዞ ወደ ገደል ይገባል። ገበሬው በሸሸ ቁጥር ጎታችም መንገድ ቆፋሪም ይጠፋል። ጭነቱ ከአቅም ሲያልፍ ተሸካሚውንም በመንገድ ዳር ያለውንም ይጎዳል። ንጉሠ ነገሥቱ በንግሥናቸው መጀመሪያ ገበሬውን ከወታደር ለመጠበቅ የፈለጉ ሰው መሆናቸው ኀዘኑን ያጸናዋል።

በዚሁ ወራት ከሰሜን ሌላ ጭነት ወደዚያው አምባ ይገሠግሥ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ከሕንድ አነሣ። ጦሩ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ ወረደ። ከዙላ እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጦሩ ጋር ከ40,000 የማያንሱ እንስሳት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ከሕንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች ይገኙባቸዋል። በዙላ ዳርቻ መርከብ ማራገፊያና አጭር የባቡር ሐዲድ ተሠራ። አጀማመሩ ግን ያማረ አልነበረም። ውኃና ተንከባካቢ በማጣት፣ በበሽታም፣ እጅግ ብዙ በቅሎ በዳርቻው አለቀ። በቅሎ ያለ ነጂ፣ ኮርቻም ያለ መጫኛ ምን ዋጋ እንደሌለው የተማሩት በኪሳራ ነው።

ከዚያ በኋላ የወሰዱት ሥርዓት ግን ከሴባስቶፖል ጉዞ ጋር ሲነጻጸር የሁለቱን ዕጣ ያስረዳል። ለተራራ የተሠሩት ትንንሽ መድፎቻቸው የሚፈቱ ነበሩ። አፈሙዙ ብቻውን 70 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን አንዲት በቅሎ ትሸከመዋለች፤ እግሩንና መንኮራኩሩን ሌሎች በቅሎዎች ይጭናሉ። ከስፍራው ሲደርስ ይገጣጠማል። ከባዶቹን መድፎች ዝሆን ተሸከመ። ያልተፈለገው ዕቃ በየጣቢያው እየተራገፈ ጓዙ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ቀለለ። በመንገድ ላይ ያለውን ገበሬ እህልና ሣር በማርያ ቴሬዛ ብር ገዙት እንጂ አልቀሙትም፤ ይህም ከደግነት ይልቅ ከስሌት የመጣ ነው፤ ምክንያቱም የሚመለሱት በዚያው መንገድ ነበር። የትግራዩ ካሣም ማለፊያ ሰጧቸው። ሰባ ኪሎ ግራምና ሰባ ኩንታል፤ የመቶ እጥፍ ልዩነት ነው። የሁለቱም ጉዞ ያበቃው በዚያው ተራራ ሥር ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። እንግሊዞቹ ዋድላ ሲደርሱ የተበጀ መንገድ አገኙ። በጅዳም፣ በደላንታም፣ በበሽሎም ቁልቁለት ጠመዝማዛው ተቆርጦ፣ ድንጋዩ ተነሥቶ ጠበቃቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው በላብ ያበጁት መንገድ ሊወጋቸው ለመጣው ጦር በቅሎዎችና ዝሆኖች አገለገለ። የጠላት መሐንዲሶች እንኳ ሥራውን አድንቀዋል።

ሴባስቶፖል በመጋቢት አጋማሽ ከመቅደላ ሥር ካለው ከሰላምጌ ሜዳ ደረሰ። ያ ቀን ለቴዎድሮስ የድል ቀን ነበር። ሰው ሁሉ አይሆንም ያለውን አድርገዋል። ነገር ግን ደስታው ከሦስት ሳምንት አላለፈም። ሚያዝያ 2 ቀን፣ በጭንቀትና በቁጣ መካከል ሆነው፣ ከአገሬው እስረኞች ብዙዎቹን በገደል አስጣሉ። በማግሥቱ ስቅለት ነበር። የእንግሊዝ ጦር በሽሎን ተሻግሮ ወደ እሮጌ ሜዳ ብቅ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከፋላ ኮረብታ ላይ መድፎቻቸውን አስተኮሱ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ከልክ በላይ ጎርሶ ነበርና ገና ሲተኮስ ፈነዳ። የቀሩትም ጥይታቸው ከጠላት ራስ በላይ አለፈ። ስድስት ወር ሙሉ የተጎተተው ኃይል በአንድ ከሰዓት በኋላ ዋጋ አጣ። ከተራራው የወረደው ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ እየተመራ፣ ዝናብና ነጎድጓድ ባለበት፣ ፈጣን ጠመንጃ ከያዘ ጦር ጋር ተጋጠመ። ገብርዬ ወደቁ። ከኢትዮጵያውያኑ 700 ያህል ሲሞቱ ከ1,000 በላይ ቆሰሉ። ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ገደማ ናቸው።

ደባርቂ ተመልሶ መጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ላለመድገም የደከሙበት ቀን፣ መድፍ በእጃቸው እያለ፣ እንደ ገና ደረሰባቸው። የተማሩት ነገር እውነት ነበር፤ ጊዜው ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል። በ1840 ዓ.ም ጦርነትን የሚወስነው የመድፍ ትልቅነት ሆኖ ታይቷቸው ይሆናል። በ1860 ዓ.ም ግን ወሳኙ የተኩስ ፍጥነትና የጓዝ ቅለት ነበር።

አውሮፓውያኑ እስረኞች ተለቀቁ። በትንሣኤ ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዙ አዛዥ ላምና በግ ላኩ፤ ስጦታው ግን ተቀባይነት አላገኘም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ ሰኞ፣ የእንግሊዝ ጦር የአምባውን በር ሲሰብር አጼ ቴዎድሮስ አብረዋቸው የቀሩትን ጥቂቶች አሰናብተው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠዉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር። አስከሬናቸው በዚያው በመቅደላ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

የጭነቱ ታሪክ ግን በሞታቸው አላበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ሊያሠሩት ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎች ስፍራዎች የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ መስቀሎችና ዘውዶች በአምባው ላይ ነበሩ። ወታደሩ ዘረፋቸው። 15 ዝሆኖችና 200 የሚደርሱ በቅሎዎች ምርኮውን ጭነው በሽሎን ተሻገሩ። በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ወጣባቸው። ከእነዚያ መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። መጽሐፍ በቅሎ ይሸከመዋል፤ ስለዚህ ሄደ። መቅደላ ተቃጠለ፤ በሩ በባሩድ ፈረሰ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ አለማየሁም ከእናቱ ጋር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ፤ ልዑሉ እንግሊዝ አገር አድጎ እ.ኤ.አ. በ1879 በወጣትነቱ ዐረፈ። ከአባቱ ራስ የተቆረጠው ጸጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከተወሰደው ሁሉ እጅግ የቀለለው እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ለመመለስ ግን 150 ዓመት ፈጅቷል።

ሴባስቶፖልን ማንም አልወሰደውም። ዝሆን የነበራቸው ድል አድራጊዎች እንኳ ትተውት ሄዱ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ዋናው ዛሬም ከአጅባር ወጣ ብሎ በመቅደላ ላይ፣ መንገዱ ባበቃበት ስፍራ ይገኛል፤ ሊያየው የሚሻ ሰው የመጨረሻውን አቀበት በእግሩ ይወጣዋል።